ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አፍንጫ መቼ ይድናል?



አፍንጫው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ደጋግሞ የሚጠይቀው «መቼ ይድንልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም መልሱ ሁለት ነው። ከላይ የሚለጠፈው ጠንካራ መደገፊያ በሳምንት ገደማ ይነሣል። አፍንጫው የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው ግን ዓመት ሲሞላው ነው፤ የአፍንጫቸው ቆዳ ወፍራም በሆነ ሰዎች ላይ እስከ 18 ወር ሊሄድ ይችላል። ችግሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ብሎ ኳስ ሜዳ ይወርዳል። ሌላው በሁለተኛው ወር መስታወት አይቶ «ተበላሸብኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ግንባሩን መሬት ደፍቶ ሱጁድ ያደርግና መስገጃው ላይ ደም ያፈሳል። ስለ ሁለቱ ሐኪሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። ስለ ሦስተኛው ግን እኛው ካልተነጋገርንበት ማንም አያነሣውም።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ እንይ። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ቱርክ ሄደው አፍንጫቸውን አሳጥረው በቲክቶክ ወደሚያሳዩት ሰዎች ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ግን ነገሩ የሚመጣው በሌላ በር ነው። በገና ጨዋታ የሳተ ዱላ፣ በኳስ የተሰነዘረ ክርን፣ የበቅሎ ርግጫ፣ የመኪና አደጋ አፍንጫ ይሰብራል። አጥንቱ ተጣሞ ከገጠመ ደግሞ መልክ ብቻ ሳይሆን መተንፈሻም ይጠባል። ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ቦታዎች በትንሽ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ቁንጭር ፊት ላይ ወጥቶ አፍንጫን ሊበላ ይችላል። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚይዘው ኖማ የሚባል በሽታም አለ፤ ከአፍ ጀምሮ ጉንጭንና አፍንጫን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሑክሙን በተመለከተ በአጭሩ። ሰሓባው ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ.) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ከብር አሠራ፤ ሸተተበት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ እርም መሆኑን አስታውሱና ፈቃዱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ተመልከቱ። (የቁሳቁስ ምሕንድስና የወሰደ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፤ ብር በሰውነት እርጥበት ይጠቁራል፣ ወርቅ ግን አይነካም።) በሌላ በኩል በኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) በኩል በተላለፈው ሐዲስ ለውበት ሲባል ብቻ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ተወግዟል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ፣ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው ስብሰባ ሁለቱን ለይቷል፦ በጣም የተጣመመ አፍንጫን፣ የተሰነጠቀ ከንፈርን፣ በአደጋና በበሽታ የመጣን ጉድለት ማስተካከል ይፈቀዳል፤ ጤናማውን ገጽታ ፋሽን ተከትሎ መለወጥ አይፈቀድም። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ። ቁስል ግን ሲድን ምክንያቱን አይጠይቅም፤ የመዳኛው ጊዜ ለሁሉም ያው ነው።

ለምን ይህን ያህል ይቆያል?

የአፍንጫ የላይኛው ክፍል አጥንት ነው። ከዚያ በታች ያለው በጣት ሲጫኑት የሚታጠፈው፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ለስላሳ አጥንት ነው። ሐኪም የቆረጠውም ሆነ አደጋ የሰበረው አጥንት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይያያዛል። ካርቲሌጅ ግን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይጠግናል፤ ሽፋኑ ከተለየው ደግሞ ይሞታል።

እብጠቱን የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ቆዳውን ከሥሩ ሲገልጥ የሰውነትን ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆረጣሉ። እነርሱ እንደገና እስኪበቅሉ ፈሳሹ እዚያው ይቋጠራል፤ ጠዋት ሲነሡ ይጨምራል፣ ጨው የበዛበት ምግብ ሲበሉ ይጨምራል፣ ሲሮጡ ይጨምራል። ቆዳው ወፍራም የሆነው ጫፉ ላይ ስለሆነ በመጨረሻ የሚጎድለው ጫፉ ነው።

ሲቪል የምታጠኑ ወንድምና እህቶች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። አርማታ ሲሞላ የጎኑ ካሳፎርማ በጥቂት ቀን ይነሣል፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ከዚያም በኋላ ለወራት መጠንከሩን አያቆምም። ካሳፎርማው ተነሣ ማለት ጭነት ይጫንበት ማለት አይደለም። የአፍንጫው መደገፊያም እንዲሁ ነው።

ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ዓመቱ

የመጀመሪያው ሌሊት ከሕመሙ ይልቅ መታፈኑ ያስቸግራል። አፍንጫ ይዘጋል፣ በአፍ መተንፈስ ግድ ይሆናል፣ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ከአፍንጫው ሥር የሚደረገው ጎዝ በደም እየራሰ ይቀየራል። ይህ የሚጠበቅ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ይበልዛል፤ ከዚህ በላይ አይከፋም። ከዚያ መጉደል ይጀምራል፤ በለዙ በ10 ወይም በ14 ቀን ይጠፋል። በእነዚህ ቀናት በጀርባ ተኝቶ ራስን ከፍ ማድረግ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ሁለት ሦስት ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ጉንጭና ዓይን ላይ እንጂ አፍንጫው ላይ አይደረግም። ለሕመም ፓራሲታሞል ነው፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ያቀጥናሉና ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱም። ሐበቱ ሰውዳም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ «ሱና ነው» ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም።

በሳምንቱ ስፌቱና መደገፊያው ይነሣል። በቪዲዮ የሚታየው የደስታ ቅጽበት ይህ ነው፤ በእውነቱ ግን ብዙ ሰው በዚህ ቀን ይደነግጣል። አፍንጫው ሰፊና ያበጠ ነው፣ ጫፉም ወደ ላይ የተሳበ ይመስላል። መጨረሻው ይህ አይደለም።

ከ2 ሳምንት በኋላ ክፍል ገብቶ መማር ይቻላል። ለ2 እስከ 3 ሳምንት መናፈጥ ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው። አጥንቱ የተነካ ከሆነ መነጽር ከ4 እስከ 6 ሳምንት አፍንጫ ላይ አያርፍም፤ መነጽር የምታደርጉ ተማሪዎች ይህን ከፈተናው ጊዜ ጋር አስቀድማችሁ አስቡት። ቀስ ብሎ መራመድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ጥሩ ነው። ከባድ ማንሣትና ስፖርት ከወር ወዲህ አይታሰብም፤ ክርን የሚሰነዘርበት ኳስ ደግሞ ለተጨማሪ ወራት ይቆያል። ሲጋራና ሺሻ ቁስሉን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባሉ፤ ጫት የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሱረት ደግሞ በቀጥታ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ አቧራ ነው። እነዚህን ለመተው ሌላም ምክንያት አለን፤ እስከ ዛሬ ላልተወ ሰው ግን ይህኛው ይጨመርለት።

በ3ኛው ወር አብዛኛው እብጠት ይሄዳል። የጫፉ መደንዘዝ፣ አንዳንዴም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች መደንዘዝ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ቀሪው ትንሽ በትንሽ የሚጎድል ነው። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም «እንደገና አስተካክልልኝ» ለሚል ሰው ዓመት ሳይሞላ ቢላ የማያነሣው። እብጠት ላይ የተቆረጠ ልብስ እብጠቱ ሲጎድል አይሆንም።

የውስጥ ግድግዳው ብቻ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ማለትም መልክ ሳይነካ መተንፈሻው ብቻ ከተከፈተ፣ ፊት እምብዛም አይበልዝም፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ትምህርት መመለስ ይቻላል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ግን ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል።

ሱጁድና ውዱእ

ዶርም ውስጥ አብሮን የነበረ ወንድም አፍንጫው ተስተካክሎለት በ5ኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ወንበር ላይ ተቀምጦ በምልክት ሲሰግድ ያየ ሌላ ወንድም «እግርህ ደኅና አይደል እንዴ? አላህን ፍራ» አለው። በቀጣዩ ሶላት ሱጁድ ወረደ፤ ሌሊቱን በነስር አደረ። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አልነበረም። እንዲህ ያለ ምክር ግን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል በዲናችን ቀድሞ ተነግሯል። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንደዘገበው፣ በጉዞ ላይ ራሱ በድንጋይ የተፈነከተ ሰው ጀናባ ሆነና ጓደኞቹን ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እነርሱ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፣ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ፤ ለሞቱም ተጠያቂ ያደረጓቸው እነዚያኑ መካሪዎች ነው፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ጭንቅላት ከልብ በታች ሲወርድ በፊትና በአፍንጫ ሥሮች ውስጥ ያለው የደም ግፊት ይጨምራል። ገና ያልረጋ ሥር ይከፈታል፣ እብጠቱም ይመለሳል። ብዙ ሐኪሞች ለ2 እስከ 3 ሳምንት ጎንበስ አትበሉ የሚሉት ለዚህ ነው። ሐኪሙ ሙስሊም ባይሆን «ጎንበስ» ሲል ጫማ ማሰርን አስቦ ይሆናል፤ እኛ በቀን 34 ጊዜ ለግዴታ ሶላት ብቻ ሱጁድ እንደምናደርግ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ በግልጽ ጠይቁት፦ «ግንባሬን መሬት ላይ ማስነካት የምችለው ከስንት ቀን በኋላ ነው?»

ፈቃዱ ደግሞ ግልጽ ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታሞ በጠየቀ ጊዜ ቆሞ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውታል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ከዚህ ተነሥተው ሻፊዒይን ጨምሮ ብዙኃኑ ዑለሞች ሱጁድ ያቃተው ሰው መቆም ከቻለ ቁሞ ይቀራል፣ ለሩኩዕም ለሱጁድም በራሱ ምልክት ያደርጋል፣ የሱጁዱን ከሩኩዑ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። እንግዲህ ያ ወንድማችን እግሩ ደኅና ስለነበር ቂያሙን ቆሞ ቢያደርግ ይሻል ነበር፤ ሱጁዱን በምልክት ማድረጉ ግን ልክ ነበር።

ከሐኪሙ ገደብ በኋላ ሱጁድ ሲጀመር አፍንጫ ላይ ክብደት አለመጣል ይቻላል። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ስለ ሰባቱ የሱጁድ አካላት በዘገበው ሐዲስ ግንባር ሲጠቀስ ወደ አፍንጫም ተጠቁሟል፤ ሆኖም በሻፊዒይ መዝሀብ ግዴታው ግንባር ነው፣ አፍንጫ ሱና ነው።

ውዱእ ላይም እንዲሁ። ውሃ ወደ አፍንጫ መሳብ በሻፊዒይም በሐነፊይም ዘንድ በውዱእ ሱና ነው፤ ቁስሉ እስኪድን መተው ይቻላል። በሐንበሊይ ግዴታ ቢሆንም ለታመመ ሰው ዑዝር ነው። የጀናባ ትጥበት ላይ ሐነፊዮች ግዴታ ያደርጉታልና እዚያ ላይ ጠይቁ። መደገፊያው የሸፈነው ቦታ በአረብኛ ጀቢራ የሚባለው ነው፤ የቀረውን ፊት አጥቦ በላዩ በእርጥብ እጅ ማበስ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታል፤ ጀቢራው ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሲድን ሶላቱን መድገም አለበት ይላሉ። ሐነፊዮች መድገም የለበትም ይላሉ። አፍንጫ ፊት ላይ ስለሆነ ይህ ልዩነት በቀጥታ ይመለከተናል፤ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ ኡስታዛችሁን ጠይቃችሁ አንዱን ይዛችሁ ግቡ። ረመዷን ከሆነም ጭንቀት አይኑር፤ የአፍንጫ ጠብታና የሚዋጥ ደም ጾሙን ያጠራጥራል፣ ለታመመ ሰው ግን ሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት በቁርኣን የተሰጠ ፈቃድ ነው።

እህቶች፣ በራስ ላይ ተስቦ የሚለበስ ጅልባብ መደገፊያውን ይመታል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ምረጡ። ኒቃብ የምታደርጉ ጨርቁን ከአፍንጫ ላይ እንዳይጫን አላሉት።

ደጋው የሚጨምረው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 በላይ። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ በበጋ ደግሞ ነፋሱ አቧራ አለው። ጤነኛ አፍንጫ እንኳን እዚህ ይደርቃል፣ ይነስራል። የቆሰለ ውስጥ ላይ ቅርፊት ይበዛል፤ ቅርፊቱን በጣት መንቀል ደግሞ ቁስሉን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ሐኪሙ የሚያዘውን የጨው ውሃ በቀን ብዙ ጊዜ ማንጠባጠብ፣ ሲወጡ በላላ ነጠላ ወይም ስካርፍ ፊትን መሸፈን ያስፈልጋል። እንጨት በጠፋበት በመንዝ ማገዶው ኩበት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው ምድጃ ካለበት ቤት ውስጥ ባይተኛ ይመረጣል። መንገዱም መታሰብ አለበት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ግሼ ወይም የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ወደ መርሐቤቴ ለሚሄድ ሰው ግን ጉዞው ሌላ ነው። መደገፊያው እስኪነሣ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ መቆየት ነው የሚሻለው፤ ሌሊት ቢነስር ሐኪም ቅርብ ነው።

አፍንጫው በበሽታ የጠፋ ሰው ጊዜ በሳምንት አይቆጠርም። ቁንጭር ከሆነ በመጀመሪያ በሽታው በመድኃኒት ይጠፋል፤ ለዚህ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና አዲስ አበባ ያለው አለርት ይታወቃሉ። ያልጠፋ ቁንጭር ላይ አዲስ አፍንጫ መሥራት እንደገና ለመበላት ማቅረብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ከግንባር ቆዳ ነው። በህንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የግንባሩ ቆዳ ከቅንድብ አጠገብ ካለው የደም ሥሩ ሳይቆረጥ ወደ ታች ታጥፎ ይሰፋል። አዲሱ ቦታ የራሱን የደም ሥር እስኪያበቅል 3 ሳምንት ገደማ ያ ድልድይ ግንባርና አፍንጫ መካከል እንደ ገመድ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ከዚያ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። ማስተካከያው ሲጨመር ዓመት ያልፋል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በእንዲህ ያለ የፊት ጥገና ይታወቃል፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅትም የቀዶ ሐኪሞች ቡድን እያመጣ ኖማ የጎዳቸውን ኢትዮጵያውያን ሲያሳክም ቆይቷል። በእነዚያ 3 ሳምንታት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ አፍጥጣችሁ አትዩት፤ ሰላምታ ስጡት።

የተሰበረ አፍንጫ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ መቆየት ያበላሻል። ከ1,000 ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖረው አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ በአት-ተስሪፍ መጽሐፉ የተሰበረ አፍንጫ ከተቻለ በዚያው ቀን፣ ካልሆነ እብጠቱ ሲያልፍ እንዲመለስ ይመክራል። ዛሬም አዋቂ ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና አጥንቱን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚቻለው በ2 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሕፃን ላይ ሳምንት አይሞላም። ከምት በኋላ አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና በውስጥ ግድግዳው ላይ ለስላሳ ሐምራዊ እብጠት ከታየ ደም ከሽፋኑ ሥር ቋጥሯል ማለት ነው፤ ሽፋኑ ከካርቲሌጁ ስለተለየ በቀናት ውስጥ ግድግዳው ሞቶ አፍንጫው ይሰረጉዳል። ይህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሳይዘገዩ የሚሄዱባቸው ምልክቶች አሉ፦ ቀና ብለው ተቀምጠው ከ20 ደቂቃ በኋላ የማይቆም ነስር፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የአንድ ወገን ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ ጎንበስ ሲሉ እንደ ውሃ የሚፈስ የጠራ ፈሳሽ ከራስ ምታት ጋር።

ቀጠሮ የምትመርጡ ከሆነ ከክረምቱ ዕረፍት መጀመሪያ ጋር አስማሙት። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ያለ ፈተና፣ ያለ ኳስ፣ ያለ በጋው አቧራ ያልፋሉ፤ ሐኪሙ ጋር ለሳምንቱ፣ ለወሩና ለሦስተኛው ወር ምርመራ የምትመለሱበትን ቀንና የትራንስፖርቱን ገንዘብም ከመፈረማችሁ በፊት ቁጠሩት።